በሚስቱ ስም የተሰየመችው ቢራቢሮ

የሙዚየሙ ሠራተኞች «ጋሼ ቢራቢሮ» የሚሉት ሰው ዕድሜውን የፈጀው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ቢራቢሮዎች በእስፒል ተወግተው ተደርድረዋል። ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አልመለሰም። የጠየቀውም የለም። ማታ ማታ ቤቱ በር ጀርባ ይሰቅለዋል፣ ጠዋት ይዞት ይወጣል።

ከሁሉም አንዷን ይወዳል። በየአጥሩ ስር ከምትበረው ተራ ቡናማ ቢራቢሮ የምትለየው ክንፏ ጫፍ ላይ ባለች ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። በወጣትነቱ አገኛት፣ አዲስ ዝርያ ናት ብሎ ጻፈ፣ በሚስቱ ስም ሰየማት። ዶክተርነቱም፣ የክፍል ኃላፊነቱም የመጣው በእሷ ነው። በቢራቢሮዋ ማለቴ ነው።

ሚስቱም ያኔ እዚያው ሙዚየም ትሠራ ነበር፤ የቢራቢሮዎቹን ክንፍ እየዘረጋች በእስፒል የምትወጋው እሷ ናት። ያን ሰሞን ወጥ ቤቱን በአባጨጓሬ ጠርሙስ ሞልታው ነበር። ስያሜው ከወጣ በኋላ ግን ጠርሙሶቹን አጥባ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። «ሰለቸኝ» አለች። እሱም እፎይ አለ። ስኳር ዕቃ ውስጥ አባጨጓሬ ማግኘት የሚወድ ባል የለም።

ማክሰኞ ጠዋት መሳቢያውን ሲስብ የቢራቢሮዋ አንድ እግር የለም።

በጥድፊያ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሄደ። ኃላፊዋ የገዛ ተማሪው ናት፤ ከምንም ተነሥታ እዚህ ያደረሳት እሱ ነው።

«እግሯ የት ሄደ?»

«ላቦራቶሪ ነው፣ ጋሼ። ዘረመሏን አስመረመርነው።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«የሚመለከተው ሰው ፈቅዶ ነው።»

«ከእኔ በላይ ማንን ይመለከታል?»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «እሱን እንኳ አልናገርም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

ውጤቱን ግን ነገረችው። ዘረመሏ ከተራዋ ቢራቢሮ ጋር አንድ ነው። ነጥቧን የሚያመጣው ብርድ ነው፤ በብርድ ወራት ያደገች ነጥብ ታወጣለች፣ በሙቀት ያደገች አታወጣም። አንዲት ቢራቢሮ ሁለት ስም ይዛ ስትገኝ ደግሞ የሚጸናው ቀድሞ የወጣው ስም ነው። የኋለኛው ይሰረዛል። የኋለኛው የሚስቱ ስም ነው።

«ያጎረሰሽን እጅ ነካሽ!» አላት።

«ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል፣ እርስዎን ለመጉዳት ብዬ አይደለም።»

በሩን በላይዋ ወርውሮት ወጣ።

ወደ መሳቢያው ተመልሶ በአጉሊ መነጽር አያት። የቀሩት እግሮች አልተነኩም፤ ከክንፏ ላይ ብናኝ እንኳ አልረገፈም። እንዲህ አድርጎ የሚነቅል እጅ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ የኃላፊዋ። ያስተማረቻት ደግሞ ሚስቱ ናት። ይኼ ይበልጥ አንገበገበው። የሁለቱንም ውለታ በአንድ ወረንጦ!

ተቀምጦ ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፈ። ያለ ፈቃድ መሳቢያ ከፍታለች፣ መተኪያ የሌለው ናሙና አጉድላለች፣ ከሥራ ትሰናበትልኝ። ዳይሬክተሩ የድሮ ባልደረባው ነው፤ ቃሉን አይጥልም። ነገ ጠዋት እጁ ላይ ሊያኖረው ደብዳቤውን ኪሱ ከተተ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ድንች ትልጣለች። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስምሽን ሊሰርዙት ነው» አላት። «ያቺ እንደ ልጃችን ያየናት!»

«ሰምቻለሁ።»

«ከዳችኝ እኮ! ሠላሳ ዓመት የኖረ ስም! ለአንቺ የሰጠሁሽ ትልቁ ነገር!»

ሚስቱ መላጧን ቀጠለች። ደብዳቤውን አውጥቶ አነበበላት።

«ልታስባርራት ነው?»

«ትባረር! የሰው ልፋት በልታ ታድራለች እንዴ?»

«ልጆች አሏት።»

«ክህደቷን ስታስብ ልጆቿን አላሰበችም። አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? የሚሰረዘው የአንቺ ስም ነው እኮ! አይቆጭሽም?»

ሚስቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በፎጣ አደረቀችና ደብዳቤውን ከእጁ ወሰደች።

«ልጅቷን ተዋት፤ በቁልፍህ ገብቼ የቢራቢሮዋን እግር ነቅዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ያኔ ባለ ነጭ ነጥቧ ከጣለችው እንቁላል ያሳደግኳቸው በሙሉ ተራ ቢራቢሮ ሆነው ሲወጡ ሮጬ የነገርኩት ለአንተ ነበር፣ አንተም በማግስቱ ስሜን ለእሷ ሰጥተህ አፌን መዝጊያ አደረግከው።»