ለጊዜው አጨብጫቢ

በሥነ ሕንፃ የተመረቀው ወጣት፣ የልቡን ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በየስብሰባው እየተከፈለው ያጨበጭባል። «ለጊዜው ነው» ይላል ሰው ሲጠይቀው።

ቅዳሜ የተላከበት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አነቃቂ ንግግር የሚያደርገው ሰውዬ መድረኩ ላይ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ወገኖቼ፣ በማትወዱት ሥራ ዕድሜያችሁን አትጨርሱ! ዛሬውኑ ተዉት!» እያለ ይጮኻል። ወጣቱ ማጨብጨቡን ረስቶ ያዳምጥ ጀመር። ሆዱ ባባ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። በመጨረሻ አላስችል ቢለው ብድግ አለና፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ተከፍሎኝ የማጨበጭብ ሰው ነኝ። ከአሁን ጀምሮ ትቼዋለሁ!» ብሎ ወደ በሩ አመራ።

የወንበር ኳኳታና «እኔም! እኔም!» የሚል ጩኸት ሰምቶ ዞር ሲል፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው እየተከተለው ነበር። ተናጋሪው ባዶዎቹን ወንበሮች ትንሽ አየና ማይኩን አስቀምጦ፣ «ቆዩኝ እንጂ!» እያለ ከመድረኩ ዘሎ ወረደ።