ሞልቷል!

የጡት ካንሰር ክትትል ክፍል በር ላይ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። መሐላቸው አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ወሬውን ይነዛል። ስሙን ስለማያውቁ "አስታማሚው" ይሉታል።

ረድኤት የምትባል ወጣት "እኔስ ኪኒኑን ላቆመው ነው፤ በላብ አጠመቀኝ" አለች።

"እንዳታደርጊው ልጄ!" አለ ሽማግሌው። "የካንሰሩን ሴል ታክሲ ነው በይ። ሆርሞን የሚባል ተሳፋሪ ገብቶ ካልተቀመጠ አይንቀሳቀስም። ታዲያ ይሄ ኪኒን ማልዶ ይገባና ወንበሩን ይይዛል። ሆርሞን ሲመጣ 'ሞልቷል!' ይባላል። ኪኒኑ እንደሆነ ሒሳብ ቢሉት አይሰማ፣ ውረድ ቢሉት አይወርድ! ኮልፌ አንዱን ታክሲ እንዲህ አቁሞት፣ ጣሪያው ላይ ሣር በቅሎ በግ ሲግጥበት በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ረድኤት ግን አልሳቀችም።

"እርስዎ ምን አለብዎት አባባ! የሚቃጠሉት ሚስትዎ ናቸው። ወንድ ስለ ጡት ምን ያውቃል?"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለና አንገቱን በመሐረብ ጠረገ።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ብቅ ብላ ሽማግሌውን አየችው።

"አባባ፣ ተራዎ ደርሷል። ቀዶ ጥገና የተደረገልዎትን ጡት ዶክተሩ ሊያየው ነው። ኪኒኑን አላቋረጡም አይደል?"

"ኧረ ምን ሲደረግ!" አለና ሸሚዙን እየፈታ ገባ።

ረድኤት ቦርሳዋን ከፍታ ስትፈልግ ቆየችና ኪኒኗን ይዛ ቀና አለች።

"ውሃ የያዘ ሰው አለ?"