ቀይ ጭረት የሌለበት ቦታ

ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ብቅ ሲሉ ንግግር ጸሐፊያቸው ቤቱ ሶፋ ላይ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ፣ የንግግሩን ኮፒ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ነበር። ጎርፉ ሦስት ከተሞችን ጠራርጎ ከወሰደ አራተኛ ቀኑ ነው። ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፈው እሱ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የት የት ቆም ብለው እንደሚተነፍሱ እንኳ በቀይ እርሳስ እየጫረ አሳይቷል። ጠዋት ሚስቱ ድንች ስትልጥ ቢያነብላት ቀና ሳትል “ጥሩ ነው” ብላው ነበር። አሁን ያንኑ ንግግር ከሰውየው አፍ ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቅናት አንገበገበው።

“ቤቱ የቆመለት ሁሉ ቤቱ ለፈረሰበት በሩን ይክፈት” አሉ ፕሬዚዳንቱ። ጸሐፊው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ቀድሟቸው ጮክ ብሎ ተናገረው።

“ዝም በል እስቲ፣ እሳቸውን ልስማ” አለችው።

ፕሬዚዳንቱ የሞቱትን ሕፃናት ቁጥር ማንበብ ጀምረው ድንገት ዝም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ልቅሶ ተሰማ፤ ወዲያው በሕንፃው ደረጃ ላይ በሮች ይከፈቱ፣ ለተጎጂዎች የሚሆን ዕቃ ይጎተት ጀመር። ሚስቱም ብድግ ብላ መኝታ ቤት ገባችና የአልጋቸውን ወፍራም ብርድ ልብስ ታቅፋ ወጣች።

“ምኑ ነው እንዲህ የነካሽ?” አላት፣ ከጻፋቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱን እንድትጠራለት እየጓጓ።

“ዝም ሲሉ” አለችውና በሩን ከፍታ ወጣች።

ኮፒው ላይ ፕሬዚዳንቱ ዝም ያሉበትን ቦታ በጣቱ ፈልጎ አገኘው። ቀይ ጭረት አልነበረበትም። ሚስቱ ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ጠበቀና፣ እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ ጫረበት።