የሳፊያ ባለቤት

«የአንቺስ ባለቤት ማነው?» ይሏታል አሠልጣኙ፣ ማርከራቸውን ወደ እሷ ቀስረው።

ሳፊያ ትነሳለች። «ሻሚል።»

የሚዛን ተፈሪው አዳራሽ በሳቅ ይናጋል። ከሐዋሳ የመጡት አቶ ወልደአማኑኤል የጠየቋት ስለ ባሏ አልነበረም። በአዲሱ አሠራር አለቃ የሚባል ቀርቷል፤ አለቃ ሁሉ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተብሏል።

«ይተዋት ጋሼ፣» ይላል ሙሴ ከኋላ ወንበር፣ «የተራበ ሰው ሕልሙ እንጀራ ነው!»

ሳፊያ አትስቅም፤ አትቀመጥምም። ሻሚልን ወደ ማሻ የወሰደባት ይኸው አሠራር ነው። ሰኞ ስሙ ተጠራ፣ ዓርብ ሻንጣውን ይዞ ተሳፈረ። መሥሪያ ቤቱ ሰው ሲለያይ እንዲህ ቀልጣፋ ነው፤ ሲያገናኝ ግን ይሽመደመዳል። እሷ ወደ ባሏ ልዛወር ካለች ዓመት አለፋት። ማሻ ላይ የእሷው ዓይነት የቡና ጥራት ባለሙያ ቦታ ክፍት ነው፣ የሚይዘው ጠፍቶ። ሚዛን «ማሻ ይቀበልሽ» ይላታል፤ ማሻ «ሚዛን ይልቀቅሽ»።

«ስለ ባለቤት ከተነሳ አይቀር፣» ትላለች፣ «የዝውውር ጥያቄዬ ባለቤት ማነው? እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለ። ተነስቶ ‹ሂጂ› ይበለኝ፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

ሳቁ ይቆማል። የእሷ የሥራ ሂደት ባለቤት አቶ ሸዋንግዛው የውሃቸውን ጠርሙስ ክዳን ያጠብቃሉ። «እኔ ብፈቅድም ጉዳዩ የሰው ሀብት ነው።»

የሰው ሀብቷ የሺሃረግ ደረቷን ትመታለች። «ሳፊዬ፣ እኔ ልሙትልሽ፣ ከእሳቸው ካልመጣልኝ ምኑ ላይ ልፈርም?»

የአቶ ወልደአማኑኤል ዓይን ይበራል። «ግሩም! ውስብስብ ችግር ማለት ይኸውላችሁ!»

ውስብስብ! ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ይፈልጋሉ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? ሳፊያ ይህን ልትል አፏን ስትከፍት ሰውዬው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ወረቀት ሳጥን መሣል ጀምረዋል። ከሳጥን ወደ ሳጥን ቀስት። ሁሉም ያግዛል፤ ሙሴ ሳይቀር ወጥቶ አንድ ሳጥን ይጨምራል። ከልባቸው ነው፣ ይወዷታል። የሚያበግነውም ይኸው ነው፤ ከዚህ ሁሉ ወዳጅ መሀል አንድ የሚፈርም እጅ ጠፋ። ወረቀቱ ሲሞላ ያጨበጭቡላታል። «ከሻይ በኋላ እንቀጥላለን» ተብሎ ሰው ይወጣል።

ብቻዋን ስትቀር ለሻሚል ትደውላለች። ኔትወርኩ እንደምንም ይይዝላታል።

«ሳፊ! ተፈረመ?»

ወረቀቱ ላይ ስሟ የተጻፈበትን ሳጥን ታየዋለች። «ሳጥን ውስጥ ነኝ።»

«ኧረ አላህ ይጠብቅሽ! የምን ሳጥን?»

«ተወው። ከሻይ በኋላ ይቀጥላል ብለዋል።»

ከሻሚል ኋላ አንድ ድምፅ ይሰማታል፤ ቆርቆሮ ላይ ያለማቋረጥ የሚወርድ።

«ዝናብ ነው?»

«የማሻ ዝናብ ሌላ ምን ሥራ አለው? ከጠዋት ጀምሮ ነው። በይ ልዝጋው፣ ካርድሽ ያልቃል።»

«አትዝጋው።»

«ታዲያ ምን ላውራሽ?»

«ምንም አታውራኝ። ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርግልኝ።»

ይስቅባታል። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ይሰማታል፤ የዝናቡ ድምፅ እየቀረበ፣ እየከበደ ይመጣል።

በመስኮቱ የገባው የሚዛን ፀሐይ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ተኝቷል። በረንዳው ላይ የሻይ ብርጭቆ ይንኳኳል፤ የሺሃረግ ስሟን ትጠራለች። ሳፊያ አትሰማም። ዓይኗን ጨፍና፣ ስልኩን በጆሮዋ ላይ አጥብቃ፣ በሌላ እጇ ሳይታወቃት ሻሿን እስከ ግንባሯ ድረስ ትስባለች፣ መንገድ ላይ ዝናብ እንደያዘው ሰው።