የምትደነግጥ ጎረቤት

በዚያ ዘመን ሥራ የሚቀጠር ሰው ሁሉ፣ በእጁ ያልሆነ ነገር እንዳያስጨንቀው፣ ከጆሮው ጀርባ ሽምብራ የምታህል ማረጋጊያ ያስተክል ነበር። ስንዱም ካስተከለች ወዲህ እንቅልፏ ተመልሶላታል፤ አለቃዋ ሲጮህባት እንኳ ፈገግ ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጇ ሕሊና ከደረጃ ወድቃ ጉልበቷ እየደማ መጣች።

«ነይ፣ እናጥበዋለን» አለች ስንዱ በረጋ ድምፅ።

ልጅቱ ግን እናቷን አልፋ የጎረቤት በር አንኳኳች። ማረጋጊያ ያላስተከሉት እትዬ የሻረግ ከፍተው ሲያዩዋት፣ «በሞትኩት፣ ልጄን!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ጉያቸው ገብታ ተንሰቀሰቀች።

«እናትሽ እያለች?» አሏት።

«እማዬ አትደነግጥም።»

ስንዱ ከኋላ ቆማ ሰማች። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሊሰነጠቅ ሲል ከጆሮዋ ጀርባ ሞቅ አላት። «የልጅ ልብ በእጄ አይደለም» አለች ለራሷ። ወዲያው ሰላም ወረደባት፤ ወጧን ልታማስል ገባች።