የባሏን ሸሚዝ ቁልፍ የምትቆርጠው ሚስት

«እንዳትነካቸው!»

እንዲህ ያለችው ሚስቱ ናት።

አባቱ ወለሉ ላይ ናቸው... በግራ እጃቸው የአልጋውን እግር ጨብጠው ያለከልካሉ።

እሷ ደግሞ ወንበር ስባ፣ እጇን አጣምራ ቁጭ ብላለች!

ባል ከሥራ ቀደም ብሎ መግባቱ ነበር። ቦርሳውን ወረወረው።

«አባቴ መሬት ላይ ወድቆ አንቺ ቲያትር ታያለሽ?»

«አልወደቁም። ወርደው ነው። አሁን ይነሳሉ።»

«በየትኛው እግሩ?!»

ቆይ ልጆቼ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ...

አባትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ሙሽራውንም ዳኛውንም ተማሪውንም ያለበሱ ሰው!

አንድ ጠዋት ኮት ሲተኩሱ ካውያው ከእጃቸው ወደቀ። ላንሳው ቢሉ እጃቸው እምቢ አለ። አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ሄደ።

ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ነፍሳቸውስ ተረፈች... ቀኝ ጎናቸው ግን እንዳኮረፈ ልጅ ቢለምኑት ቢያባብሉት አልመለስ አለ።

ልጅየው ክፉ ነው ብዬ አልዋሽም። ኧረ የተባረከ ነው! በማንኪያ ያጎርሳል፣ ካልሲ ያጠልቃል፣ ፊታቸውን ያጥባል።

«አባዬ፣ አንተ ብቻ ተኛ። እኔ አለሁልህ» ይላል።

እሳቸውም ተኙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሲያጎርሳቸው እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል... እሱ የደስታ ይመስለዋል።

አክስቱ ግን አንድ ቀን ሮጣ መጣችበት።

«አንተ! ይቺ ሚስትህ ወንድሜን በውሃ ጥም ልትገድለው ነው! ብርጭቆውን በማይሠራው እጁ በኩል አስቀምጣ ‘አባባ፣ ከጠማዎት ይውሰዱ’ ስትለው በዓይኔ በብረቱ አየኋት!»

ሌላም ነገር ነበር... የልጅየው ሸሚዝ ቁልፎች።

በየሳምንቱ አንድ ቁልፍ ይጠፋል። ከዚያ ተሰፍቶ ይገኛል... ግን ጠማማ! ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ቀይ ክር!

መሥሪያ ቤት ጓደኞቹ «ሚስትህ ዓይኗን ጨፍና ነው እንዴ የምትሰፋልህ?» እያሉ ይስቁበታል።

አንድ እሑድ ሚስቱ ራሷ ቁልፉን በመቀስ ስትቆርጠው ያዛት።

«ላልቶ ነው» አለችው።

ንቃኛለች ብሎ ቂም ቋጠረ።

እንግዲህ ያን ቀን አባቱን መሬት ላይ ሲያያቸው የተቋጠረው ሁሉ ፈነዳ።

«ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪልኝ!»

ከንፈሯን ነክሳ ተነሳች። ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች... ልብሷን መክተት ጀመረች።

እሱ በአባቱ ክፍል በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ያኔ ነው ከኋላው...

«ቁ...ሚ!»

ዞር ቢል አባቱ ቆመዋል!

ትከሻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ... በሁለት እግራቸው ቆመዋል! ሦስት ወር ሙሉ ቆመው አላያቸውም።

ሊደግፋቸው ሮጠ።

«አትንካኝ! እሷን... ጨክኚብኝ ያልኳት... እኔ ነኝ!»

ልጁ የዘረጋውን እጅ መለሰ።

«ሐኪሙ... ካላሠራኸው እጅህ ይረሳሃል አለ። አንተ... ‘ይረፉ’ ያለውን ብቻ... ሰማህ። ያጎረስከኝ ቀን... የቀበርከኝ መሰለኝ። ልጄ ካወቀ ያስቆመናል ብዬ... አስማልኳት።»

«ቁልፎቹስ አባዬ?»

«እጄን እንዳሠራ... እሷ ትቆርጣለች። የሰፋኋቸው እኔ ነኝ! አንዷን ቁልፍ... ግማሽ ቀን! ቀይ ክር... ደህና ስለሚታየኝ ነው። ያልወደደ... አይልበስ!»

ልጁ የሚገባበት ጠፋው። አሁን ገና ወለሉን ልብ ብሎ አየ... ዙሪያውን ትራስ ተደርድሯል። የእሷም ወንበር እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«እንዴት ልንገርህ? ምዬ ነበር።» እንባዋ መጣ። «አጠገባቸው ሆኜ ካለቀስኩ ተስፋ ይቆርጣሉ። ኩሽና ገብቼ ነው የማለቅሰው።»

ሻንጣውን ከእጇ ተቀብሎ ልብሱን አንድ በአንድ መለሰ። ይቅርታ ለማለት አፉን ሲከፍት አባትየው ቀደሙት።

«ይቅርታውን... በኋላ! አሁን ከበሩ ላይ... ዞር በልልኝ። ፀሐይ ልሞቅ ነው።»

ዞር አለላቸው።

ከክፍሉ እስከ ውጭው በር አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ልጁ ሁለት ጊዜ እጁን ሰደደ... ሁለቱንም ጊዜ ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

ውጭ አንድ ጎረቤት አያቸውና ከንፈሩን መጠጠ።

«አይ ጋሼ... ምስኪን! እንዲህ ይሁኑ?»

እሳቸው በሩን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ምስኪን... አባትህ! የተኛው... አንድ ጎኔ ነው። እኔ... ነቅቻለሁ!»

እጃቸው ድሮ እንደነበረው ሆነ ብዬ አላታልላችሁም። አልሆነም። እስከ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ግን የሚጎርሱት በራሳቸው እጅ ነው... ቢደፉትም ይድፉት፣ የራሳቸው ነው!

ልጆቼ፣ የታመመን ሰው ማገዝ ማለት ሁሉን ነገር ከእጁ መቀማት አይደለም። አንዳንዴ ፍቅር ማለት አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ አንጀት እየተላወሰ፣ እጅን አጣምሮ መጠበቅ ነው።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ በልጅየው ቦታ ብትሆኑ ያቺን ሴት ሳትጠይቋት ታስወጧት ነበር? ወይስ ቤታችሁ ውስጥ «እኔ አለሁልህ» እያላችሁ ያስተኛችሁት ሰው አለ?

ከሥር ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነብባለሁ።