ቀኝ እጅ፣ ግራ ጆሮ

«እጅሽን በአናትሽ ላይ አሳልፈሽ ግራ ጆሮሽን ንኪ» ይላል መዝጋቢው መምህር፣ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሳ። የልደት ወረቀት በሌለበት መንደር ዕድሜ የሚለካው በክንድ ነው። ጆሮውን የነካ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ያልነካ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ታናሽየዋ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ ትሰዳለች፤ ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ብሏል። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። እናት «እስቲ አሳዪኝ» ትላለች፣ አባት ያጨበጭባል።

እጇን ይዛ ያመጣቻት ታላቅ እህቷ ናት፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ። የእሷ እጅ ጆሮዋን የነካ ዓመት ይህቺ ተወለደች። «ድክ ድክ እስክትል ያዢልን፣ ከዚያ ትገቢያለሽ» ተባለች። ሕፃኗ ድክ ድክ አለች፣ ሮጠች፣ አፏን ፈታች፤ የታላቅየዋ ትምህርት ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ቀሚሷን ያጠበችላት፣ ፀጉሯን የሠራችላት እሷው ናት። ስትሠራላት ጠበቅ አድርጋ ነው የጎነጎነችው፣ ትንሽ እንዲያማት። ሌሊቱን በቅናት ስትገላበጥ ነው ያደረችው።

«ደረሰ?» ይላል መምህሩ። ሰልፉ ከበሩ አልፎ ግቢውን ሞልቶታል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም።

ታላቅየዋ ጎንበስ ብላ ታያለች። የታናሿ የመሃል ጣት የጆሮዋን ጫፍ ነክቷል።

«አልደረሰም» ትላለች።

«ነክቼዋለሁ እኮ፣ እትዬ!»

«ፀጉርሽን ነው የነካሽው።»

ታናሽየዋ አታለቅስም። እትዬ አልደረሰም ካለች አልደረሰም ማለት ነው። እጇን ቀስ ብላ ታወርዳለች።

«በሚቀጥለው ዓመት አምጫት፣ የኔ ልጅ» ይልና መምህሩ ቀጣዩን ይጠራል።

ታላቅየዋ እየመራቻት ትወጣለች። «እሰይ» ትላለች በሆዷ፤ ግቢውን እስኪያቋርጡ ድረስ እውነትም ደስ ይላታል።

ታናሽየዋ የግቢው በር ላይ ቀጥ ትላለች። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ድረስ ሰብስባ ቀጭን ክንዷን ትዘረጋላታለች።

«እትዬ፣ እንዲረዝም በየቀኑ ጎትቺልኝ። ባለቅስ እንኳ እንዳትለቂኝ።»